ምራቂና ዕዳ

በጎፋ፣ በሳሪስና በነፋስ ስልክ ጋራዦች አካባቢ ያደገ ልጅ ኩሽኔታ ምን እንደ ሆነ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ለተሽከርካሪ የሚሰጠውን አገልግሎት ጨርሶ ከወለቀ በኋላ ዘይት በጠጣ መሬት ላይ የሚጣል ክብ ብረት ነው። ለመካኒኩ ውዳቂ ይሁን እንጂ ለልጁ ሀብት ነው፤ ሁለት ቁራጭ ጣውላ፣ ጥቂት ሚስማርና ሦስት ኩሽኔታ ካገኘ ጋሪውን ገጣጥሞ ቁልቁለቱን ሁሉ የራሱ ያደርገዋልና። ብረቱ ከአስፋልት ጋር ሲፋጭ የሚያሰማው ጩኸት እናቶችን ከየቤታቸው ያስወጣል፤ ሽማግሌዎችን ያስቆጣል፤ ሕፃናትን ግን በመንገዱ ዳርና ዳር ይሰበስባል።

ይህ ኩሽኔታ ከመካኒኩ እጅ ወደ ልጁ እጅ እንዴት ተላለፈ? ልጁ አልገዛውም፤ ገንዘብ የለውምና። መካኒኩም አልሸጠለትም። ይሁን እንጂ እንዲያው በነጻ ሰጠው ማለትም ትክክል አይሆንም። «አንተ ልጅ፣ ያቺን ካቻቢቴ አቀብለኝ»፤ «እስቲ ሮጥ በልና ሳሙና ገዝተህልኝ ና» እየተባለ ከሰዓት በኋላውን ሲላላክ ይውልና ማታ፣ መካኒኩ እጁን ሲታጠብ፣ «በል እንካ፣ ውሰድ» ይለዋል። ይህ ደመወዝ ነውን? ደመወዝ እንዳይባል ማንም ከማንም ጋር አልተዋዋለም። ምጽዋት ነውን? ልጁ እንደ ለማኝ እጁን አልዘረጋም። በመዝገብ ያልሰፈረ፣ ነገር ግን ሁለቱም የሚያውቁት አንድ ዓይነት ስምምነት ነው። ልጁ በማግሥቱ በዚያ ደጃፍ ሲያልፍ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ሳይል አያልፍም፤ መካኒኩም የጋሪው ጎማ ቢላላ ዳዶውን ሳያጠብቅ ልጁን አይሸኘውም።

ንግድና ስጦታ በሚገናኙበት በዚህ ሥፍራ ላይ አንድ የቆየ የግብረ ገብ ጥያቄ ቆሟል። በሰፈር ውስጥ ተቀምጦ ለሰፈሩ ልጆች የሚሸጥ ሰው ለሰፈሩ ምን ዕዳ አለበት? ሰፈሩስ በበኩሉ ለእርሱ አንዳች ዕዳ አለበትን?

ጥያቄው በነፋስ ስልክ ላፍቶ አዲስ መልክ ይዞ የመጣው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስሙን ከገመድ አልባው የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ የወረሰው ነፋስ ስልክ ከድሮም የሩቁን ዜና ለመቀበል ያልሰነፈ አካባቢ ነው። በዚያ ዓመት በላፍቶ ወጣት ማዕከል ግቢ ውስጥ፣ «ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ» የተባለው ድርጅትና «ኢትዮጵያ ስኬት» የተባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ ተባብረው፣ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ በጎ ፈቃደኞችም ከከተማው ወጣቶች ጋር ሲሚንቶ እያቦኩ፣ ማንም ልጅ ሳይከፍል የሚገባበትን የስኬትቦርድ ሜዳ ሠሩ። ሜዳው እንደ ማዕበል የሚወጣና የሚወርድ የሲሚንቶ ወለል ነው። ቃሉ በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ «ስኬት» ተብሎ መነበቡ ማንም ገጣሚ ሳይደክምበት የተገኘ ቅኔ ነው፤ ወርቁን ፍለጋ ብዙ መድከምም አያስፈልግ ይሆናል።

ስኬትቦርዱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መግለጫ ያስፈልጋል። ሳንቃው አብዛኛውን ጊዜ ከሰባት ስስ የሜፕል እንጨት ንጣፎች እንደ ኮምፔንሳቶ ተጣብቆና ተጨምቆ የተሠራ ነው። ከላዩ የእግርን መንሸራተት የሚከለክል፣ ከአናጢ ብርጭቆ ወረቀት የማይለይ ሻካራ ልባስ ተለጥፎበታል። ከሥሩ አራት ጎማዎች አሉ። በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥም ሁለት ሁለት ኩሽኔታ ተሰክቷል። ስምንት ትናንሽ ኩሽኔታዎች ማለት ነው፤ የእያንዳንዱ የውጭ ዲያሜትር 22 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ የጋራዡ ልጅ ጋሪና ከባሕር ማዶ የመጣው ሳንቃ በሆዳቸው የያዙት ነገር አንድ ነው። ይህ የዱርዬ ጨዋታ ነው የሚል ካለም በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ ስፖርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለውድድር ሲቀርብ የ13 ዓመቷ ጃፓናዊት ሞሚጂ ኒሺያ የወርቅ ሜዳሊያ መውሰዷን ማስታወስ ይበቃል።

ሜዳው ስጦታ ነበር። ሳንቃዎቹም በአብዛኛው ስጦታ ነበሩ፤ በእንግዶች ሻንጣ ተይዘው የመጡ፣ በውሰት ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩ ናቸው። ያን ጊዜ በከተማው ገበያ ተፈልጎ እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም። ይህን ስጦታ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ የማያውቀውን ሰፈር ልጅ መጫወቻ ለመሥራት በፀሐይ አካፋ የጨበጠ ሰው ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ስጦታ ሁሉ ወሰን አለው። ሲሚንቶው ለዓመታት ይቆያል፤ ሳንቃው ግን ይሰበራል። መሰበሩም የስንፍና ምልክት አይደለም፤ የትጋት ነው እንጂ። ፈረንሳዊው ሊቅ ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ ባወጣው ጥናቱ እንዳስረዳው፣ የትም አገር ቢሆን ስጦታ ተቀባዩን ለመመለስ ያስገድደዋል። መመለስ ያልቻለ ተቀባይ ከሰጪው በታች ሆኖ ይቀራል። የላፍቶ ልጅ ታዲያ ለማን ይመልስ? ሰጪው ሩቅ ነው፤ በሩን አያውቀውም፤ ቢያመሰግነው እንኳ ምስጋናው የሚደርሰው በፎቶግራፍ ነው። መካኒኩን ግን በማግሥቱ ደጃፉ ላይ ያገኘዋል።

ሳንቃ የሚሰበር ከሆነ የሚተካው ያስፈልጋል። የሚተካው በየጊዜው ከባሕር ማዶ በሻንጣ እየመጣ ሊዘልቅ ካልቻለ አንድ ሰው አስመጥቶ፣ ቀረጡን ከፍሎ፣ መደርደሪያ ላይ አኑሮ መሸጥ አለበት። እዚህ ላይ ነው ነጋዴው ወደ መድረኩ የሚገባው። በአገራችን ድርሰቶች ነጋዴ ወደ መድረክ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ሆዱ ከእርሱ ቀድሞ እንደሚገባ የቴአትር ተመልካች ሁሉ ያውቃል! ጥርጣሬው መሠረት የለውም ለማለት አይደለም። በስጦታ የተሠራ የሕዝብ ሜዳ ዳር ሱቅ ከፍቶ የልጆችን ፍላጎት ወደ ትርፍ የሚለውጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ያልዘራውን የሚያጭድ አይደለምን?

አርስጣጣሊስ ስለ መስተዳድር በጻፈው መጽሐፉ አንድ ጫማ ሁለት ጥቅም አለው ይላል፤ አንዱ መጫሚያነቱ፣ ሁለተኛው መለዋወጫነቱ ነው። ለመለወጥ ብቻ ሲባል የሚደረግን ንግድ ፈላስፋው በጥርጣሬ ያየዋል። ሻካራው የሳንቃ ልባስ ጫማን በጥቂት ሳምንታት በልቶ እንደሚጨርስ ቢያይ ኖሮ ምን ይል እንደ ነበር አይታወቅም። በላፍቶ ግን ሳንቃ ላይ የወጣው ጫማ ብዙ ጊዜ ከሰልባጅ የተገዛ ነው። እናት ለትምህርት ቤት ብላ የገዛችው ነው። ስለዚህ በዚያ ሜዳ ላይ የሚለፋው ልጁ ብቻ አይደለም። ጫማው ሲያልቅ የምትቆጣውና ሌላ የምትገዛው እናት፣ የተሰበረ እጅ ይዞ ወደ ወጌሻ የሚሮጠው አባት፣ ያለ ምንም ክፍያ ታናናሾቹን «ጉልበትህን እጠፍ፣ ወደ ታች አትይ» እያለ የሚያስተምረው ታላቅ ልጅ፣ ይህ ሁሉ ሰው ለአንድ ነገር ዋጋ ከፍሏል። የከፈለበት ነገር ደግሞ ገበያው ነው። ሳንቃ የሚፈልግ ሰው ከሌለ ሳንቃ የሚሸጥ ሰው የለምና። ነጋዴው ሱቁን የከፈተ ዕለት ገበያው ተሠርቶ፣ ተጠርጎ፣ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ለዚህ ዝግጅት ግን ደረሰኝ አልቆረጠም።

አንዳንድ ሱቅ «ለአካባቢው ማኅበረሰብ ይሰጣል» ተብሎ ሲመሰገን የሚሰማው ቅር የሚል ነገር ከዚህ የመነጨ ነው። ጉልት ላይ ተቀምጣ ቲማቲም በመደብ የምትሸጥ ሴት ገዢዋ «እስቲ መርቂልኝ» ስትላት አንድ ሁለት ፍሬ ትጨምራለች። ይህ ምራቂ ነው። ቃሉ ከምርቃት ጋር አንድ ሥር ያለው መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። ተጨማሪው ፍሬ የሽያጩ አካል አይደለም፤ በሽያጩ ላይ የሚፈስ በረከት ነው። ምራቂ ግን ምራቂ የሚሆነው መደቡ ሙሉ ሲሆን ነው። መደቡን አጉድላ፣ ከሥር የበሰበሰውን ደብቃ፣ በላዩ ሁለት ፍሬ የምትጨምር ሴት አልመረቀችም፤ አታለለች እንጂ። ነጋዴውም ለሰፈሩ የሚያደርገውን ሁሉ «ምራቂ ነው» ብሎ ቢያቀርበው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስፍሩ መሙላቱ ነው። ለተሠራለት ገበያ የሚመልሰው ድርሻ ከስፍሩ ውስጥ እንጂ ከስፍሩ በላይ አይደለም። ዕዳ ነው። ዕዳ ከከፈለ በኋላ የሚጨምረው ካለ እርሱ ምራቂ ይባል፤ ምስጋናም ይገባዋል።

ዕዳው በምን ይከፈላል? በገንዘብ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። የሰፈር ሱቅ ግን ከጥንት ጀምሮ የራሱ አከፋፈል አለው። ይኸውም የዱቤ ደብተር ነው። በየሰፈሩ ሱቅ ባንኮኒ ሥር የተቀመጠችው፣ ጠርዟ የተጣጠፈች ደብተር ምን እንደ ሆነች ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ባለ ሱቁ የማን ደመወዝ መቼ እንደሚደርስ ያውቃል። የማን ቤት ሐዘን እንደ ገባ ያውቃል። ማንን መጠየቅ፣ ማንን ደግሞ በዝምታ ማለፍ እንደሚገባም ያውቃል። ከሩቅ ያለ ትልቅ ኩባንያ ብዙ ነገር ሊሰጥ ይችል ይሆናል፤ ይህን ዕውቀት ግን ሊኖረው አይችልም። የብስክሌት አከራዩም እንዲሁ ነበር። በየሰፈሩ ሜዳ ብስክሌቶቹን ደርድሮ በዙር የሚያከራየው ሰው፣ ሳንቲም የሌለውን ልጅ ጎማ ሲነፋለት፣ ሰንሰለት ሲቀባለት ከዋለ በኋላ «አንድ ዙር ነድተህ ና» ይለው ነበር። የብዙ ሰው ሚዛን የተሠራው በእንዲህ ያለው በነጻ በተገኘ ዙር ነው። በክረምት የሰፈር እግር ኳስ ውድድር ጊዜ ማሊያውን የሚገዛው፣ ኳሱን የሚያዋጣው ማን እንደ ሆነ ቢጠየቅም መልሱ ሩቅ አይሆንም፤ ሥጋ ቤቱና ሱቁ ናቸው።

የሳንቃው ሱቅም ከዚህ ዘር ቢወለድ ይሻለዋል። ካቻቢቴውንና ቁልፉን ከባንኮኒው ውጪ አኑሮ፣ የገዛም ያልገዛም ልጅ ቡሎኑን እንዲያጠብቅበት መፍቀድ ለባለ ሱቁ የሚያስከፍለው ነገር ጥቂት ነው። ያገለገለውን ሳንቃ ተቀብሎ ለጀማሪ ማዋስ፣ ከሜዳው ልጆች አንዱን ቀጥሮ ሙያ ማስያዝ፣ ሲሚንቶው ሲሰነጠቅ ማስጠገን ደግሞ ከዚያ ይከብዳል። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 «ኢትዮጵያን ገርል ስኬተርስ» የተባለውን ስብስብ ከመሠረቱት አንዷ ሶስና ጫላና ጓደኞቿ፣ ሴት ልጆች ያለ ኀፍረትና ያለ ግፊያ የሚለማመዱበት የራሳቸው ቀን እንዲኖራቸው አድርገዋል። ይህን ማድረግ ያስፈለገው ሜዳው በነጻ ተከፍቶም ለሁሉ እኩል ስላልተከፈተ ነው። ወንድ ልጅ ሲወድቅ «አይዞህ» ይባላል፤ ሴት ልጅ ስትወድቅ ግን «ማን ውጪ አለሽ?» ትባላለች። ባለ ሱቁ ስጦታውን የሚሰጠው ዘወትር ደጃፉ ላይ ለሚቆሙት ብቻ ከሆነ ቀድሞም ሜዳውን ለያዙት ጨመረላቸው ማለት ነው።

ስለ ሰፈሩ ዕዳ ሲታሰብ ደግሞ የሌላ አገር ታሪክ ይጠቅማል። የስኬትቦርድ ንግድ የጀመረው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በሰሜን ሆሊውድ የተከፈተው ቫል ሰርፍ የተባለው ሱቅ ሳንቃውን ለገበያ ካቀረቡት ቀደምት ሱቆች አንዱ ነበር። በዚያ አገር ሱቁ ከሜዳው ቀደመ፤ በላፍቶ ግን ሜዳው ከሱቁ ቀደመ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በሳንታ ሞኒካ፣ ያን ጊዜ ድህነት ባጠቃው የባሕር ዳር ሰፈር፣ ጄፍ ሆ፣ ስኪፕ ኢንግብሎምና ክሬግ ስቴሲክ የተባሉ ሰዎች ዜፊር የሚባል ሱቅ ነበራቸው። የማዕበል መንሸራተቻ ሳንቃ እየሠሩ ይሸጡ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ብዙዎቹ ከተናጋ ቤት የወጡ ነበሩ፤ ሱቁ መዋያቸው ሆነ። ባለ ሱቆቹ ሳንቃና ሰማያዊ ካናቴራ ሰጥተው ቡድን አደረጓቸው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1975 በዴል ማር በተደረገው ውድድር ቀርቦ በአነዳዱ አገር አስደነቀ። ከልጆቹ መካከል አንዷ ብቻ ሴት ነበረች፤ ፔጊ ኦኪ ትባላለች።

የሚያሳዝነው ቀጥሎ የሆነው ነው። ውድድሩ ባለፈ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ታላላቅ ኩባንያዎች ገንዘብ ይዘው መጡ፤ ልጆቹም አንድ በአንድ ሄዱ። ሱቁም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ልጆቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቤቱ ውስጥ ዳቦ የሌለው ልጅ ገንዘብ ሲቀርብለት «ሰማያዊዋ ካናቴራ ትበልጥብኛለች» እንዲል መጠበቅ ጭካኔ ነው። ጥፋቱን በሌላ በኩል መፈለግ ይሻላል። ኩባንያዎቹ የገዙት ያላሳደጉትን ነው፤ ላሳደገውም የከፈሉት አልነበረም። ሱቁ በልጆቹ ላይ ያፈሰሰውን ጊዜና ዕቃ በዋጋ ቀምሮ የሚመልስ ሥርዓት ስላልነበረ ለጋሱ ተከሰረ፤ ያልሰጠው ከበረ። የሰጠ ሱቅ ካልሰጠው ሱቅ ጋር በዋጋ ብቻ ሲወዳደር ምን ጊዜም ተሸናፊ ነው፤ የሰጠው ነገር ከትርፉ ላይ ተቀንሷልና።

እንግዲህ የሰፈሩ ዕዳ እዚህ ላይ ይታያል። ሥራውን የሚሠራውን ሱቅ እያወቀ፣ ካቻቢቴውን እየተዋሰ፣ ልጁን እያስተማረበት፣ መግዛት ሲደርስ በጥቂት ብር ልዩነት ሌላ ዘንድ የሚሄድ ሰው ዕድር ሳያዋጣ ድንኳኑ ሥር የሚቀመጥን ሰው ይመስላል። ዕድርተኛ ሁሉ እንዲህ ያለውን ሰው ያውቀዋል፤ ስሙን ግን አይጠራም።

ይህ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፤ ቀላል ጥያቄም አይደለም። አንዲት እናት፣ በቀን ሥራ የምትተዳደር፣ ለልጇ ጫማ ልትገዛ ወጥታለች። ሰልባጅ ተራ ርካሽ ጫማ አለ። ለሰፈሩ የሚያስበው ሱቅም ጫማ አለው፤ ዋጋው ይበልጣል። «ለኅብረቱ ስትይ ከዚህ ግዢ» ሊላት የሚደፍር ማን ነው? ይህን ምክር የሚሰጠው ሰው ብዙ ጊዜ ልዩነቱን በኪሱ ውስጥ የማያስተውል ሰው ነው። ኅብረትን ከደሀ ኪስ እየቀነሱ መገንባት፣ ከዚያም ደሀውን ለኅብረቱ አልቆመም ብሎ መውቀስ በታሪክ አዲስ አይደለም፤ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎችም እንግዳ ነገር አይሆንም።

መልሱ እናቲቱ ትክክል ናት የሚል ነው። ሰልባጁን ትግዛ። ዕዳ በአቅም ልክ ካልሆነ ግብር እንጂ ዕዳ አይደለም። የዕድር ጥበብ ራሱ ይህን ያውቃል፤ ገንዘብ ያነሰው በጉልበቱ ድንኳን ይተክላል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ሬሳ ይሸከማል፤ ማንም ግን ከዕድርተኛነት አልወጣም አይለውም። የእናቲቱ ልጅ ጠዋት ተነሥቶ ሜዳውን ቢጠርግ፣ ለታናሹ ሚዛን ቢያስተምር ለሱቁም ለሰፈሩም ከፍሏል፤ ነገ ሳንቃ የሚፈልገውን ልጅ እያበቀለ ነውና። በሱቁ መግዛት ያለበት መግዛት የሚችለው ነው። ደመወዝተኛው፣ መምህሩ፣ ከውጭ አገር ለእህቱ ልጅ ስጦታ ሊልክ የሚፈልገው ዘመድ፣ ለወጣት ማዕከል ዕቃ የሚገዛው መሥሪያ ቤትም ጭምር ናቸው። በተለይ የመጨረሻው! ለሕዝብ የሚገዛ እጅ ርካሹን ብቻ እየፈለገ ለሕዝብ የሚሠራውን ሱቅ ሲገድል ማየት የተለመደ ነገር ሆኗል።

ባለ ሱቁን ከሚያሰጉት ነገሮች አንዱ ኪሳራ ከሆነ ሌላው ምስጋና ነው። አንድ ሳንቃ የሰጠ ዕለት ልጁን አቁሞ ፎቶግራፍ ያነሳዋል፤ ፎቶግራፉን ሱቁ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል፤ ልጁም በዚያ በር ባለፈ ቁጥር ራሱን ደሀ ሆኖ ተለጥፎ ያየዋል። መካኒኩ ኩሽኔታውን ሲሰጥ ፎቶግራፍ አላነሳም። እንኳን ፎቶግራፍ ቀና ብሎም አላየ፤ እጁን እየታጠበ ነበር። ያ ቸልታ የሚመስለው ነገር ታላቅ ጨዋነት ነው፤ ተቀባዩ ተቀባይ መሆኑ እንዳይሰማው ያደረገው እርሱ ነውና። ምናልባትም የላከው፣ ያዘዘው፣ የተቆጣው ለዚህ ይሆናል፤ ልጁ ማታ ኩሽኔታውን ይዞ ሲሄድ ሠርቶ ያገኘው እንዲመስለው።

ሳንቃ ሲሰበር የሚሰበረው እንጨቱ ነው። ብረቱና ጎማው ይተርፋሉ። ስምንቱ ኩሽኔታዎችም ይተርፋሉ፤ በነጭ ጋዝ ታጥበው፣ ዘይት ጠብ ተደርጎባቸው ለሌላ ሳንቃ ይሆናሉ። ከስምንቱ አንዱ ፈጽሞ ሲያልቅ ለጋሪም አይሆንም፤ ትንሽ ነው። ቢሆንም በሱቅ ደጃፍ የሚውል፣ ገና ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያቺን ትንሽ ክብ ብረት በሚስማር ላይ ሰክቶ በጣቱ ሲያሽከረክራት፣ ጆሮውንም አስጠግቶ ድምጿን ሲሰማ መዋል ይችላል። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ሰው የሌላ ልጅ ቡሎን እያጠበቀ ነው። ልጁን ቀና ብሎ አያየውም።

«ማሙሽ፣ ያቺን ካቻቢቴ እስቲ አቀብለኝ።»